የቆሎ ተማሪዎችን ማጥናት እፈልጋለሁ፤ የምርምር ጥሪዎቹ ግን አያውቋቸውም

የጎጃሙ መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሶሺዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ከዘጠኝ ዓመቴ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ግን የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ለምኜ የበላሁ ሰው ነኝ። ግራ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ የውሻ ነው፤ ውሻውንም የውሻውንም ባለቤት እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ጾመ ድጓውን ጨርሼ ቅኔ ቤት ገና እንደገባሁ አጎቴ መጥቶ በግድ ወሰደኝና አስኳላ አስገባኝ።

ለሦስተኛ ዲግሪ ላጠና የምፈልገው እነዚህን ልጆች ነው። ከቤት እንዴት እንደሚወጡ፣ በጎጆ ውስጥ ታላቁ ታናሹን እንዴት እንደሚያስቀጽል (ትምህርቱን እያስደገመ እንደሚያስጠና)፣ እንደሚቆጣና እንደሚመግብ፣ ከንጋት እስከ ማታ ሰዓታቸው ወዴት እንደሚሄድ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ እየታየ ለምን እንደማይሻገሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ችግሬ እዚህ ይጀምራል። ስለ ልጆችና ወጣቶች የሚወጡ የምርምር ድጋፍ ጥሪዎችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ከርሜአለሁ። የሚጠሩት «የጎዳና ልጆችን»፣ «የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን»፣ «ያለዕድሜ ጋብቻን»፣ «የወጣቶች ፍልሰትን» ነው። የቆሎ ተማሪ የቱ ጋር ይገባል? ይለምናል፤ ነገር ግን የጎዳና ልጅ ብትሉት ይቀየማችኋል፤ ለእርሱ ልመናው ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው። ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማሳቸውን ያርማል፤ ደመወዝ ግን የለውም። ከጎንደር ጎጃም፣ ከጎጃም ወሎ ይሄዳል፤ እርሱ ግን «ለትምህርት ወጣሁ» ይላል እንጂ «ፈለስኩ» አይልም። ባለፈው ዓመት «ፍልሰት» የሚለው ውስጥ ጠቅጥቄ አስገባሁትና ማመልከቻውን እንደገና ሳነበው የማላውቀው ልጅ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያ ላይ ከቴሌግራም ባገኘሁት አንድ «የነጻ ትምህርት ዕድል» ማስታወቂያ 1,500 ብር «ለመመዝገቢያ» ከፍዬ ቀልጬአለሁ። ሳቁ ግዴለም። ሌላም ጊዜ ምዕራብ አፍሪካ ለሚገኝ ተቋም ስጽፍ አምሽቼ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ «አለቀ» ብዬ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ። ማመልከቻው ግማሽ ላይ ቀረ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፦ እውነተኛ ዕድል የት አለ? አገር ውስጥ ሆኖስ የሚሠራ ነገር ይኖራል? ሦስተኛው ደግሞ ሌሊት የሚያነቃኝ ነው። ልጆችን ለማነጋገር የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይባላል። ከእናቱ ጠፍቶ የመጣ፣ አገሩንም ስሙንም የደበቀ ልጅ ፈቃዱን ማን ይስጥልኝ?


ከትሮንድሃይም፦

ወንድሜ፣ ከብሩ ልጀምር። ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ እሱ ግን በራሳቸው ድረ ገጽ የሚከፈል ነው፤ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ «አስገባና ደረሰኙን ላክልኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

የሌሊቱን ነገር ስሰማ ግን በጣም አዘንኩ። የማብቂያው ሰዓት በሴኔጋሏ ከተማ በዳካር አቆጣጠር ከነበረ፣ ዳካር ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኩለ ሌሊት ሲሏቸው ለአንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ በእጅህ ነበረ!

አሁን ወደ እኔ ሰፈር። እዚህ በኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተ የሕፃናት ጥናት ማዕከል አለ። ልጅነትን ብቻ ለይቶ ማስተርስ የሚያስተምር ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ ከእኛም አገር ብዙዎች ተምረውበታል። እኔ የመጣሁት የኮታ ድጋፍ በሚባለው የኖርዌይ መንግሥት ፕሮግራም ነበር። እሱ በ2016 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ «ኖርዌይ ነጻ ነው» የሚልህ ሰው ካለ በድሮ ወሬ ነው የሚመክርህ።

ሦስተኛ ዲግሪ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ የዶክትሬት ተማሪ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ዘመኑም ሦስት ዓመት፣ ማስተማር ከታከለበት አራት ነው። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም፤ ጆብኖርጌ የተባለው የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ «የሥራ ቦታ» ብለህ ፈልገው። ብዙ ጊዜ ርዕሱ በፕሮጀክቱ ተወስኖ ይወጣል፤ አንዳንዴ ግን ክፍት ይተዉታል። እሱን ነው የምትጠብቀው።

እዚያው ፕሮፌሰር የሆነው ታተቅ አበበ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ዶክትሬቱን የሠራው በአገራችን ወላጅ አልባና ሠራተኛ ልጆች ላይ ነበር። ጽሑፎቹን አንብብ። የልጅን ድርሻ ከቤተሰቡና ከአካባቢው ነጥሎ ማየት አይቻልም ብሎ ስለሚከራከር፣ «ብዝበዛ ነው ወይስ አይደለም?» ከሚለው የጠበበ በር ያወጣሃል። ለአንተ ልጆች የሚሆን ቋንቋ እዚያ ታገኛለህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለእኛ አይሆንም፤ አባል አገር አይደለንም። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ለእኛም ክፍት ነው፤ ግን ለአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻ ነው። ዳካር ያለው ኮዴስሪያ የተባለው የአፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት በልጆችና ወጣቶች ላይ ለሚሠሩ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ሥልጠና ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ጥሪውን ከራሱ ድረ ገጽ ተከታተል። ሰዓቱን ግን አስላ!


ቁጥር ቆጣሪው፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የስታቲስቲክስ ሰው ነኝ። ሁላችሁም ገንዘብ ገንዘብ ስትሉ ይገርመኛል፤ መረጃው ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ ተቀምጦ የሚነካው አጥቶ።

ያንግ ላይቭስ የሚባለውን ጥናት ታውቀዋለህ? በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ልጆችን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተከተለ የሚጠይቅ ነው። ከእኛ 3,000 ናቸው፤ 2,000ው በ2001 እና በ2002 የተወለዱ፣ 1,000ው በ1994 እና በ1995። በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በ20 ቦታዎች ይኖሩ የነበሩ ናቸው። በ2002፣ በ2006፣ በ2009፣ በ2013፣ በ2016 ቤታቸው ድረስ ተሂዶ ተጠይቀዋል፤ በኮሮና ጊዜ በስልክ። ታናናሾቹ ዛሬ ከሃያ ዓመት አልፈዋል። አንድን ልጅ ድክ ድክ ከሚልበት ጀምሮ ሚስት እስከሚያገባ በቁጥር ማየት እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ለቆጣሪ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

ይህ ሁሉ በእንግሊዝ አገር የመረጃ ቋት ውስጥ ተቀምጧል። ትመዘገባለህ፣ ለምን እንደምትፈልገው ትጽፋለህ፣ ለንግድ አላውለውም ብለህ ትፈርማለህ፣ ታወርዳለህ። አንድ ሳንቲም አትከፍልም። አንተ «ሰዓታቸው ወዴት ይሄዳል» ብለህ የለ? ያ ጥያቄ ውስጡ አለ፤ ልጁ በተራ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ከብት እንደሚጠብቅ፣ የቤት ሥራ እንደሚያግዝ፣ ትምህርት ቤት እንደሚቀመጥ፣ እንደሚጫወት።

አሁን ጉድለቱን ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ነገ ትወቅሰኛለህ። ቦታዎቹ የተመረጡት ድህነት እንዲጎላባቸው ሆኖ ስለሆነ «የኢትዮጵያ ልጆች በሙሉ እንዲህ ናቸው» ማለት አትችልም። የቦታዎቹም ስም ተቀይሯል፤ የእገሌ ቀበሌ ነው ብለህ አትገምት። ደግሞም ጥናቱ የተነሣው ከቤተሰብ ነው። ቦታ የቀየሩትን ተከታትለው ይፈልጋሉ፤ ቢሆንም አኩፋዳውን አንግቶ የጠፋ ልጅ እዚያ ውስጥ ብታገኝ በጣት የሚቆጠር ይመስለኛል። ለአንተ ግን ይኸው ነው ክፍተቱ። በእረኝነትና በትምህርት ሰዓት ላይ አንድ ጽሑፍ ከዚህ አውጣ፤ መጨረሻው ላይ ይህ መዝገብ የማያየው ልጅ እንዳለ ጻፍ። ከዚያ ያንን ጽሑፍ ይዘህ አመልክት። ባዶ እጁን ከመጣ አመልካች ይልቅ አንድ ጽሑፍ የያዘ ይደመጣል።


የኮሚቴዋ ሴት፦

መምህር፣ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄዎን አስቀድመው በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሥራውን ጨርሶ ነው የሚመጣብን።

ኮሚቴ ሁለት ነገር ይጠይቅዎታል፤ የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፈቃድ፣ ከዚያም የልጁ የራሱ እሺታ። አንዱ ሌላውን አይተካም። የኔታ ልጁን ያስተምሩታል፣ ይመርቁታል፣ ሲታመም ያስታምሙታል፤ በሕግ ግን ሞግዚት አይደሉም። የእርሳቸው ፈቃድ በሩን ይከፍትልዎታል እንጂ የእናቱን ቦታ አይሸፍንም። እናቱን ፈልጌ ላስፈቅድ ቢሉ ደግሞ ልጁ የደበቀውን አገሩን ሊያወጡበት ነው። ያ ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ቢመጣብኝ እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ።

መውጫው ዕድሜ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተር ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን ይለዋል። የ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይወስደዋል። ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ያሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ 18 ያለፉ አይደሉም? ከእነርሱ ይጀምሩ። በራሳቸው ይፈቅዳሉ፣ በልጅነት እንዴት እንደወጡ ይተርካሉ፣ «ወጣት» በሚለው ጥሪ ውስጥም በሙሉ ልብ ይገባሉ። ትንንሾቹን ለሁለተኛው ዙር ያቆዩ፤ ያኔም ወላጆቻቸው አውቀው የላኳቸውን ብቻ።

ሌላው፣ ለቃለ መጠይቅ በነፍስ ወከፍ ገንዘብ አይስጡ። የሚርበው ልጅ እምቢ ማለት አይችልም። የሚሰጡት ካለ፣ ያነጋገሩትንም ያላነጋገሩትንም ሳይለዩ ለጉባኤ ቤቱ ተማሪዎች በሙሉ ይስጡ።


ዝም ያልኩ፦

ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ከውጭ በመጣ ገንዘብ ስለ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሲጻፍ መጨረሻው ይታወቃል። ልመናውንና ቅማሉን ፎቶ አንሥተው፣ ቅኔውን ሳይሰሙ ይሄዳሉ። አንተስ?


የጎጃሙ መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝም ያልከው ወንድሜ፣ ካንተ ልጀምር። ስጋትህን አልንቀውም። በጎጆአችን ከነበርነው ሰባት ልጆች አንዱ በተስቦ ሞቷል፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኛው ነን የገነዝነው፤ አገሩን ስላልነገረን ለማን እንደምናረዳ አላወቅንም። ያው ልጅ ከሁላችንም በፊት ጉባኤ ቃና የሚባለውን ቅኔ ዘርፎ የኔታን ያስለቀሰ ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ። አንዱን ብቻ እንድጽፍ የሚፈልግ ገንዘብ ሰጪ ከመጣ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

እህቴ ከትሮንድሃይም፣ ሦስቱን ሰዓት ካነበብኩ ጀምሮ አልተኛሁም፤ እግዜር ይይልሽ! ጆብኖርጌን ከፍቼ አየሁት፤ ዛሬ በእኔ መስክ የወጣ የለም፤ በየሰኞው አያለሁ።

የኮሚቴዋ እህቴ፣ ከ18 በላይ ካሉት መጀመሩ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። እኔ ሁልጊዜ የማስበው የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ነው፤ ምናልባት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ይሆናል። በነገራችን ላይ በአገራችን ፖሊሲ ወጣትነቴ ካበቃ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ በአፍሪካው ቻርተር ግን አንድ ዓመት ይቀረኛል። እስኪያልቅ ልጠቀምበት።

ትናንት ማታ የድሮ የኔታዬ ጋ ደወልኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን ለዩት። ልመጣ ነው፣ ተማሪዎቹን ልጠይቅ ነው አልኳቸው። «ምን ብለህ?» አሉኝ። ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ አልኳቸው። «እሱንማ እኔ ልንገርህ፤ ይርባቸዋል፣ ይቀጽላሉ» አሉኝ። ቀጥሎም ያቋረጥኩትን ቅኔ ሳልጨርስ ምን ዓይነት መምህር እንደሆንኩ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጥምቀት በኋላ እሄዳለሁ።

ጋሼ ቁጥር ቆጣሪው፣ በእርስዎ ምክር ተመዝግቤ መረጃውን አወረድኩ። ፋይሎቹ ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ናቸው፤ እኔ ዘንድ ስታታ የለም፣ የዩኒቨርሲቲያችንም ፈቃድ ጊዜው አልፎበታል። አር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይከፈታሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። በምን ትእዛዝ እንደሚከፈቱ ቢያሳዩኝ?