ጥቆማ፦ የዌብሜይል የውስጥ አድራሻ ለመቀየር ማንን ልጥራ? (ደብረ ብርሃን)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለ ፋብሪካ አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። ሜይላችን ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የሜይል ሰርቨር) ነው። ቢሮ ውስጥ ዌብሜይል የምንከፍተው በሰርቨሩ ስም ሲሆን መጨረሻው ዶት ሎካል ነው። ሠራተኛው በየጠዋቱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያያል። አድራሻውን ለመቀየር ከአዲስ አበባ ባለሙያ እናስመጣ ወይስ እዚሁ ሰው አለ? ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋው ሰርተፍኬትስ (ብራውዘሩ ሰርቨሩን እንዲያምን የሚያደርገው ፋይል) የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። እኔም እዚሁ ከተማ ይህንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርትና አበል ከፍላችሁ የምታመጡት ባለሙያ አዲስ ሰርቨር ለመትከል ያዋጣል፤ ለዚህ ግን አያስፈልግም። እዚህ ያሉት ጥገና ቤቶች በኬብል ዝርጋታና በስዊች ጎበዞች ናቸው፣ ኤክስቼንጅ የሚነካ ግን አላጋጠመኝም። ራስሽ ሥሪው። ከፈራሽ የሚያውቅ ሰው በርቀት አስገቢና አብራችሁ ሥሩት።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ያስመጣው ባለሙያ ኦዋ የሚለውን፣ ማለትም የዌብሜይሉን አድራሻ፣ ብቻ ቀይሮ ሄደ። ኢሲፒን፣ ማለትም የአማራጮች ገጹን አድራሻ፣ አልነካም። ኤክስቼንጁ የ2013ቱ ነበር። ሰው ሜይሉን በአዲሱ ስም ይከፍትና አማራጮች ሲል ወደ አሮጌው ስም ይወረውረዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ አላረፈም። ስለዚህ ሁለቱንም ባንዴ፣ ተመሳሳይ ስም ስጫቸው። ከዚያ አይአይኤስን (ሰርቨሩ ላይ ዌብሜይሉን የሚያስከፍተውን አገልግሎት) እንደገና አስነሺ። ዌብሜይሉ ለትንሽ ጊዜ ስለሚቋረጥ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ይሁን።

ስሙን በተመለከተ አደራ የምልሽ፣ የውስጡና የውጩ አንድ ይሁን። ዶት ሎካልን ተዪው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለእንዲህ ዓይነት ስም በሁሉም ብራውዘር የሚታመን ሰርተፍኬት የሚሰጥ የለም።

ኤክስቼንጅ ላይ አድራሻ መጻፍ ብቻውን ስሙን አያስከፍተውም። የውስጥ ዲኤንኤሳችሁ (ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚተረጉመው) ስሙን ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አይፒ መምራት አለበት። ካልሆነ ጥያቄው ወደ ውጭ አይፒ ወጥቶ ብዙ ራውተር ላይ ሳይመለስ ይቀራል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ዞኑን (ዲኤንኤሱ ላይ ያለውን የስም መዝገብ) ለሜይሉ ስም ብቻ ክፈቺ። የድርጅቱን ሙሉ ዶሜይን ዞን ካደረግሽው ዌብሳይታችሁ ከቢሮ መከፈቱን ያቆማል። እኔ ላይ ደርሷል።

ወደ ሰርተፍኬቱ ስንመጣ፣ ራሱ ሰርቨሩ የሚፈርመው ነፃ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን አይጠፋም። ዶሜይኑ ውስጥ የራሳችሁን የሰርተፍኬት ሰጪ ብትተክሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ያምኑታል፣ የሠራተኛው ስልክ ግን አያምነውም። ከውጭ መግዛት ጥሩ ነው፤ የዶላር ካርድ ማግኘቱ ነው ፈተናው። እኔ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ሰጪ የሚሰጠውን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ 90 ቀን ያገለግላል፣ ዊን አክሚ የሚባለው ፕሮግራም በራሱ ያድሰዋል። ስሙ የእናንተ መሆኑን በዲኤንኤስ በኩል ካረጋገጥሽ ሰርቨሩን ለውጭ መክፈት አይጠበቅብሽም። የውጩ ዲኤንኤሳችሁ ግን በኤፒአይ (ፕሮግራም በራሱ በሚያዝበት መንገድ) የሚታዘዝ ይሁን፤ ካልሆነ በየጊዜው በእጅሽ ልታድሺ ነው።

ኤክስቼንጃችሁ የ2016 ወይም የ2019 ከሆነ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ብዙ ብር አታፍሱበት።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ አለን፣ በቪፒኤን ነው የሚገቡት። እነሱስ? ኮምፒውተር ላይ ሜይል የምናነብበት አውትሉክስ?

መልስ፦ ስሙ አንድ ከሆነ ሸዋ ሮቢትም የሚጽፉት ያንኑ ነው። ቪፒኤኑ የደብረ ብርሃንን ዲኤንኤስ እንዲሰጣቸው አድርጊ። ከዚያ አንዱን ሠራተኛ ደውለሽ ኤንኤስሉክአፕ (ስሙ ወደ የትኛው አይፒ እንደሚመራ የሚያሳይ ትዕዛዝ) አስጽፊው፤ የውስጡ አይፒ ከመጣ ደርሷል። አውትሉክ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝባቸውን ሌሎቹን የኤክስቼንጅ አድራሻዎች ነው የሚያነበው፦ ኢደብልዩኤስ፣ ኦኤቢ፣ ማፒና አውቶዲስከቨር። እነሱም በዚያው ምሽት ይቀየሩ። ከመጀመርሽ በፊት አሮጌዎቹን አድራሻዎች አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊያቸው።