ከደሴ መጥቼ አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት እየፈለግኩ ነው፤ በ5 ሺ ብር ምን ይገኛል?

ሰላም_ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ የሒሳብ ሥራ አግኝቼ ከደሴ መጥቻለሁ። ደሞዜ ተቆራርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 13 ሺ ብር ነው። ከሱ ላይ ለእናቴ የምልከው ስላለ ለቤት ከ5 ሺ በላይ ማውጣት አልችልም። ለጊዜው ያረፍኩት ጎሮ አክስቴ ጋ ነው፤ እነሱም ጠቧቸው ነው የሚኖሩት፣ ብዙ ላስቸግራቸው አልፈልግም።

አንድ ደላላ ኮዬ ፈጬ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም አለ ብሎኛል። ግን ዛሬውኑ ቀብድ ካልላክሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል ይላል፣ ቤቱን ገና አላየሁትም። በዚያ ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ ነው የሚጠይቁት። እዚህ ልማዱ እንደዚህ ነው? ብቻዬን ነኝ፣ አንዳንዴም ከሥራ የምወጣው መሽቶ ነው። ሰፈር ጠቁሙኝ፣ ቤት ሳይ ምን ምን ማየት እንዳለብኝም ንገሩኝ።

የአየር_ጤና_ልጅ
እህቴ፣ ቀብዱን እንዳትልኪ። ቤት ሳይታይ ብር አይከፈልም። ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ባለቤት ነኝ ብሎ ከሦስትና ከአራት ሰው ቅድሚያ ተቀብሎ የሚጠፋበት ነገር አለ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ካርታውን ወይም የባንክ ውሉን ይዞ የሚመጣ ባለቤት፣ ካልሆነም ውክልና ያለው ሰው ፊት ለፊት አግኚ፤ ስሙንም ከመታወቂያው ጋር አስተያዪው። የደላላውንም ኮሚሽን ስንት እንደሆነ ቤት ማየት ሳትጀምሪ ቁርጡን ተነጋገሩ፤ ቤቱን ከወደድሽ በኋላ ከሆነ የፈለገውን ይጠራብሻል።

ሰፈሩን በተመለከተ፣ ሜክሲኮ ለምትሠራ ሰው እኔ የምመክረው አየር ጤና፣ አለም ባንክ፣ ካራ ቆሬ፣ ወይም ጀሞ ነው። ከአየር ጤናም ከጀሞም ሜክሲኮ ድረስ ታክሲ አለ፣ ማታም ሰው ይበዛል። ኮዬ ቤቱ ረከስ ሊልልሽ ይችላል፣ ግን በኪራይ ያተረፍሽውን መንገድ ይበላዋል፤ አውቶቡስ ካመለጠሽ ታክሲ እየቀያየርሽ ነው የምትመጪው፣ ጠዋት ሰልፉን ማታ ደግሞ ጨለማውን አስቢው። ኪራዩን ብቻ አትይ፣ የወር ትራንስፖርትሽን ደምረሽ አወዳድሪ። ባቡር አለ የሚልሽ ይኖራል። መስመሩ በሜክሲኮ ማለፉ እውነት ነው፣ ግን ብዙዎቹ ባቡሮች መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል፣ የሚሠሩትም ጢም ብለው ነው የሚመጡት። በሱ ላይ ተማምነሽ ቤት አትያዢ።

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ
ኮዬን እንዲህ አታስፈራሯት። እኔ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ደባል ሆነን ነው የምንኖረው፣ ኪራዩን ለሁለት እንካፈላለን። የራሳችን ቁልፍ፣ የራሳችን ሽንት ቤት፣ የራሳችን ካርድ ቆጣሪ አለን። ግቢ ቤት ስትከራዪ እኮ በር በጊዜ ይዘጋል፣ እንግዳ መጣ ይባላል፣ ልብስ አጠብሽ ይባላል። አንቺ ደግሞ አምሽተሽ እንደምትገቢ ነግረሽናል። ስለዚህ የትም ይሁን የት፣ የምታምኛት የሥራ ባልደረባ ካለች አብራችሁ ብትከራዩ ይሻላል። በ5 ሺ ብቻሽን ስቱዲዮ ከፈለግሽ ትንከራተቻለሽ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ውሃ! ኮንዶሚኒየም ስታዪ ደረጃውን ስትወጪ የየቤቱን በር ተመልከቺ። ጀሪካንና በርሜል በየበሩ ተደርድሮ ካየሽ ውሃው በፈረቃ ነው ማለት ነው፣ ላይኛው ፎቅ ደግሞ በፈረቃውም ቀን ላይደርስ ይችላል። ቧንቧውን ራስሽ ክፈቺው። ባለቤቱን አትጠይቂ፣ ጎረቤቷን ጠይቂ፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቀን ይሁን ሌሊት እሷ በትክክል ትነግርሻለች። እኛ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን የምንቀዳበት ጊዜ ነበር፣ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ይሄ ከባድ ነው። የጥበቃና የጽዳት መዋጮም አለ፣ ማን እንደሚከፍለው ቀድመሽ ጠይቂ።

ውል_ይጻፍ
የስድስት ወር ቅድሚያ ሕጉ አይፈቅድም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መጠየቅ እንደማይችል ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪም ቢሆን አከራዩ እንደፈለገ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያስታውቀው መጠን ነው። ክፍያውን በባንክ ወይም በስልክ ፈጽሚ፣ በጥሬ ብር አትስጪ። ውሉ ላይ ከምትከፍዪው ያነሰ ብር ካልተጻፈ የሚልሽ ካጋጠመሽ እምቢ በይ፤ ነገ ጭቅጭቅ ሲነሳ መከራከሪያሽ ያ ወረቀት ነው።

የአየር_ጤና_ልጅ
@ውል_ይጻፍ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን እህቴ፣ አንቺ ቤት ስታዪ በመጀመሪያው ደቂቃ አዋጅ ከጠቀስሽበት ሰውዬው «ተይዟል» ብሎ ይሸኝሻል። ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ካዛንቺስና ፒያሳ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ዳር ዳሩ ላይ ፈላጊ በዝቷል። መጀመሪያ በደንብ ተግባቢ፣ ሥራሽን ንገሪው፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽን አሳዪው። ከዚያ «የሁለት ወር እከፍላለሁ፣ ውሉንም ወረዳ ሄደን እናስመዝግብ» በዪ። መደበኛ ደሞዝተኛ የሚፈልግ አከራይ ብዙ ነው፣ ሴት ላጤ የሚመርጡም አሉ። ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተብሎ እንደሆነም አካባቢው ያለ ሱቅ ጠይቂ።

ሰላም_ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ደላላውን ቤቱን ሳላይ ምንም አልልክም ብዬዋለሁ፣ ስልኩን ዘጋብኝ። ቅዳሜ አየር ጤና ሄጄ አንድ ሰርቪስ ቤት አያለሁ፣ 4,500 ነው ያሉኝ። ግን ቆጣሪው ከባለቤቶቹ ጋር የጋራ ነው፣ ሌሎች ሦስት ተከራዮችም አሉ። መብራቱ በሰው ይካፈላል ብለዋል። ይሄስ እንዴት ይታያል?

ኮዬ_4ኛ_ፎቅ
ስልኩን መዝጋቱ ምን ሊያደርግሽ እንደነበር ይነግርሻል፣ እንኳን አልላክሽ።

የጋራ ቆጣሪ ላይ ተጠንቀቂ። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ የሚጨምር ነው፣ ስለዚህ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ዋጋ ይከፍላል። በዚያ ላይ እንጀራ የሚጋግር አለ፣ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነሽ። ለክፍልሽ ብቻ የምትነበብ ትንሽ ቆጣሪ ያስገቡልሽ እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ አለ። እምቢ ካሉ በወር የቆረጠ ብር ተነጋገሩና ውሉ ላይ ይጻፍ። ያለፉትን ወራት የመብራት ደረሰኝም አሳዩኝ በያቸው፣ ተከራዮቹንም ለብቻ አናግሪያቸው።