የአየር ማስገቢያው ሲከፈት የግላይደሩ ፍጥነት መለኪያ ለምን ይወርዳል?

ደመና_ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግላይደሩ (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። በእርጋታ ቀጥ ብሎ ሲበር ፍጥነት መለኪያው በሰዓት 100 ኪ.ሜ. ያሳያል። አፍንጫው ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ሲከፈት የበረራው ሁኔታ ሳይለወጥ መርፌዋ 92 ላይ ትወርዳለች፣ ሲዘጋ ትመለሳለች። የፊቱም የኋላውም መቀመጫ መለኪያ እኩል ነው የሚወርዱት። በዚያ ላይ መሪው ወደ ኋላ ሲሳብ ሜካኒካሉ ቫሪዮሜትር (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት መለኪያ) ሽቅብ 3 ሜትር በሰከንድ ይዘላል። ፒቶቱ (ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት የሚቀበለው ቱቦ) ነው ወይስ መለኪያዎቹ ይቀየሩ?

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ መለኪያ ለመቀየር አትቸኩል። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ጥፋቱ በጋራ መስመራቸው ላይ ነው። የትኛው መስመር እንደሆነ የሚነግርህ ከፍታ መለኪያው ነው። ማስገቢያው ሲከፈት የኮክፒቱ ግፊት ይጨምራል። የስታቲክ ቱቦው (የውጭውን አየር ግፊት ወደ መለኪያዎቹ የሚያደርሰው) ኮክፒት ውስጥ የሚያስተነፍስ፣ ማለትም አየር የሚያሾልክ ከሆነ ያ ግፊት ይገባበትና ፍጥነቱም ከፍታውም አብረው ይወርዳሉ። ከ100 ወደ 92 መውረድ በግፊት ሲለካ 0.7 ሄክቶፓስካል ያህል ነው፤ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ 6 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የከፍታ መርፌዋን አተኩረህ እያት። ፒቶቱ ቢሆን ኖሮ እሷ ንቅንቅ አትልም።

መሬት ላይ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና ለስላሳ ቱቦ ይበቃል። ከግራና ከቀኝ ካሉት የስታቲክ ቀዳዳዎች አንዱን በቀይ ፕላስተር ድፈን፣ በሌላው በኩል ቀስ እያልክ ሳብ። ፍጥነት መለኪያው 150 ሲል አቁም። ከፍታው 90 ሜትር ያህል መጨመር አለበት፤ ሜዳው እንደ ቢሾፍቱ 1900 ሜትር አካባቢ ከሆነ 105 ገደማ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ መርፌዋ ከወረደች ያስተነፍሳል። ከፍታ መለኪያው 300 ሜትር እስኪጨምር ድረስ አትሳብ፣ ያን ጊዜ ፍጥነት መለኪያው ላይ ከ270 ኪ.ሜ. በላይ የሚያህል ጫና ይመጣበታል። በአፍ መንፋትም መሳብም አይሆንም፤ ግፊቱን መቆጣጠር አይቻልም፣ የትንፋሽ እርጥበትም ይገባል።

ሽቅብ_ነፋስ፦
የቫሪዮሜትሩ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፣ መስመሩ ሌላ ነው። ቶታል ኢነርጂ ፕሮቡ (ቫሪዮሜትሩ የሚያያዝበት፣ ጅራቱ ላይ የሚሰካው ቱቦ) ከስታቲክ በታች የሆነ ግፊት ይሰጣል፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ከሚፈጥረው ግፊት ጋር እኩል ነው። መሪው ሲሳብ ከፍታ ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። መስመሩ ካስተነፈሰ ይህ ማካካሻ ይጠፋና ነፋስ ሳይኖር መርፌዋ ሽቅብ ትላለች።

ፕሮቡ ላይ ሲሪንጁን አስገባና ቫሪዮሜትሩ 2 እስኪል ሳብ፣ ያዝ። መርፌዋ ወደ ዜሮ ተመልሳ መቆም አለባት። ዜሮን አልፋ ቁልቁል ካሳየች አየር የሚገባው በፕሮቡ በኩል ባለው መስመር ነው። ከዜሮ በላይ ተንጠልጥላ ከቀረች ግን የሚያስተነፍሰው በጠርሙሱ (ከቫሪዮሜትሩ ጋር በተያያዘው የአየር ማጠራቀሚያ) በኩል ነው፤ የጠርሙሱን ክዳንና ወደ መለኪያው የሚሄደውን ቱቦ ፈትሽ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፕሮቡ ጅራቱ ላይ የሚሰካበት ቦታ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ወይም ፕሮቡ እስከ መጨረሻው አልተገፋም።

ደመና_ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍታውም አብሮ ወርዷል። በሲሪንጁ ደግሞ ከ150 ተነስቶ 20 ሰከንድ ውስጥ 110 ደረሰ። ከየት ልጀምር?

ጠጋኙ፦
ሲሪንጁ እንደተሰካ ቱቦውን ከመቀመጫው ኋላ ቆንጥጠህ ያዝ። መርፌዋ ቆመች ማለት የሚያስተነፍሰው ከቆነጠጥክበት ወደ ቀዳዳዎቹ ባለው በኩል ነው። መውረዷን ከቀጠለች ከመለኪያዎቹ በኩል ነው፤ በየቅርንጫፉ እየቆነጠጥክ አጥብበው። መጀመሪያ የኋላው ዳሽቦርድ ላይ ያለውን የሦስት መንገድ ማገናኛ ተመልከት። የፕላስቲክ ቱቦ ሲያረጅ ጫፉ ይደርቅና እንደ ደወል ይሰፋል። 2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ አስገባ፤ ካጠረ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ቱቦ ተካ። የመለኪያ መስታወት ማሸጊያም ያስተነፍሳል፣ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያው ቤት ውስጡ በስታቲክ አየር የተሞላ ነውና።

ቱቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት እያንዳንዱ ላይ ምልክት አድርግ፤ በቀለም አትመን፣ ከግላይደር ግላይደር ይለያያል።

ሽቅብ_ነፋስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ዝናብ የመታው ከሆነ መስመሩ ውስጥ ውኃ ሊኖር ይችላል፣ መርፌ የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ቱቦዎቹ በሙሉ ከመለኪያዎቹ ሳይነቀሉ አየር እንዳይነፋበት። ስትጨርስ ደግሞ ቀዩን ፕላስተር ከስታቲኩ ቀዳዳ ላይ አንሳ፣ ፈቃድ ያለው መርማሪም ሥራውን አይቶ ይፈርምልህ።