ለወላጆቻችን 50ኛ የጋብቻ በዓል ጣና ደሴት ላይ እራት ልናዘጋጅ አስበናል፤ ምክራችሁን እንሻለን

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

የተከበራችሁ የባሕር ዳርና የአካባቢው ሰዎች፣ አባቴና እናቴ በመጪው ጥር ጋብቻ ከመሠረቱ 50 ዓመት ይሞላቸዋል። ልጆችና የልጅ ልጆች ስንሰበሰብ ሃያ ሰው ገደማ እንሆናለን። ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር ገብተን ካደርን በኋላ፣ በማግስቱ ጣና ላይ ባለ አንድ ደሴት እራት ልንጋብዛቸው አስበናል። ምግብ ቤቱ ክረምቱ ሲወጣ ተከፍቶ ሰኔ ሲገባ የሚዘጋ ሲሆን፣ በጀልባ ካልሆነ አይደረስበትም። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አባቴ ደግሞ ከረቡዕና ከዓርብ ጾም ዝንፍ አይሉም። ሁለቱም ጣናን ከዳር ሆነው አይተውታል እንጂ ተሳፍረውበት አያውቁም። ለእነሱ ክብር የሚመጥን ቀን እንዲሆን እፈልጋለሁና፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ጀልባው የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ደሴቱ ላይ ሆነን ብናይ ደግሞ ምኞቴ ነበር።

መልስ (በጀልባ ሥራ ላይ ካለሁ)

እንኳን ለዚህ አበቃቸው! ከምግቡ በፊት መመለሻችሁን ብትወስኑ ይሻላል፤ ደሴት ላይ የሚበላው ምግብ ሰዓቱን የሚያገኘው ከጀልባው ነውና። ጣና ጠዋት ጠዋት የተኛ ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣበታል። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ ነፋሱ የሚያስነሣው ማዕበል አጫጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሳፈሩ አረጋውያን ግን ያስደነግጣል። በዚያ ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች አሉ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላሉ፣ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ በዚያ ሰዓትና በጨለማ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ጭኖ በዚያ በኩል ማለፍን እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ስለዚህ እራቱን ወደ ዘገየ ምሳ ብትለውጡት መልካም ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ሳይነሣ ተሻግራችሁ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ዕረፍት አድርጋችሁ፣ 7 ሰዓት ላይ ማዕድ ቅረቡ፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ደርሳችሁ ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ለማየት በቂ ጊዜ ይኖራችኋል። ውኃው ላይ የምትዘረጋው ብርሃን ከከተማው ዳርቻም ሆነው ሲያዩዋት ያው ናት።

የእናትዎን ጉልበት በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየጎደለ ይሄዳል። በጥር ጀልባው ከመውረጃው ድንጋይ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ አንድ እግርን ከፍ አድርጎ መርገጥ ግድ ይሆናል። ጠንካራ ዱካ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዱካውን ጀልባው ወለል ላይ አስቀምጣችሁ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ እጃቸውን ይዞ፣ ሌላው ከኋላ ደግፎ ያውጣቸው። ጀልባው በሁለት ገመድ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ሳይታሰር ማንም እንዳይነሣ ይሁን። ሃያ ሰው አንድ ጀልባ ላይ ከመጨናነቅ ሁለት ጀልባ መያዝ ይሻላል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ለልጆች የሚሆነው ልክ ጭምር መኖሩን ከመነሣታችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ዋጋውን ደርሶ መልስ ከነጥበቃው ተነጋገሩና ቀሪውን ክፍያ ስትመለሱ ስጡ።

መልስ (ወጥ ቤት ውስጥ የምሠራ)

በቀኑ ልጀምር። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ለፎቶግራፍ ጀልባዎቹን ይይዟቸዋል፤ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከተማው ከእንግዳ ይሞላል። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም በመሆኗ ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ምእመን ብዙ ነው። የነነዌ ጾም አንዳንድ ዓመት በጥር አጋማሽ፣ ከ17 ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያሉትን ሦስት ቀናት ብቻ ስለሚይዝ ቅዳሜን አይነካም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለ፣ 21 ቀን ያልዋለበት ቅዳሜ ምረጡ፤ ሙሽሮች ሳይቀድሟችሁ ግን ጀልባውን አስቀድማችሁ ያዙ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክርም በዚያው ይቀራል፤ አባትዎን የመሰለ ጿሚ በበዓሉ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊገጥማቸው አይገባም።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ ጣና ሄዶ ዓሣ አለመብላት አይሆንም፤ ሁሉም ዓሣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ነጭ ዓሣ የሚባለው ጣፋጭ ቢሆንም፣ ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሹካ መሰል አጥንቶች ስላሉት ለአረጋውያንና ለሕፃናት አደገኛ ነው። ለእነሱ አምባዛ ጥሩ ነው፤ ሥጋው ለስላሳና ቅባት ያለው፣ አጥንቱም ትልልቅና በቀላሉ የሚለይ በመሆኑ ለጉላሽ ይስማማል። ለወጣቶቹ ቀረሶ ሙሉውን ይጠበስላቸው። ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ ድረስ ሦስት አራት ቦታ ተሰንጥቆ፣ ጨውና ሎሚ ገብቶበት፣ ውኃው በደንብ ተጠርጎ በጋለ ዘይት ሲጠበስ የጠርዙ ቆዳ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን እርጥበቱን አይለቅም። የጠዋት ዓሣ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ስንጥቡን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ደኅና ነው፣ ወደ ቡናማ ካደላ ይቅርባችሁ።

ይሁን እንጂ የ50 ዓመት ትዳር ያለ ዶሮ ወጥ አይከበርም ብዬ አምናለሁ። ደሴት ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ ለመዋል ጊዜም ማገዶም አይበቃም። ዋዜማውን ባሕር ዳር ላይ አሠርታችሁ በድስቱ እንደታሸገ ይዛችሁ ተሻገሩ፤ እዚያ ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ምግብ ቤቱ ከውጭ የመጣ ምግብ መቀበሉን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ እንጀራውንም ከየት እንደሚያመጣ አረጋግጡ፤ ለሃያ ሰው የሚሆን እንጀራ ቢያልቅ ሮጦ የሚገዛበት ሱቅ ደሴት ላይ የለም።

መልስ (የዘጌ ተወላጅ)

ከላይ የተሰጡትን ምክሮች አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። የጠያቂያችን ምኞት እራት ከሆነ ምኞቱ ለምን ይቀራል? ዘጌ ከሩቅ ደሴት ትመስላለች እንጂ ከየብስ የተያያዘች ልሳነ ምድር ናት፤ ከባሕር ዳር የመኪና መንገድም አላት። በጀልባ ሄዳችሁ፣ ፀሐይዋን ከዚያው አይታችሁ፣ በልታችሁ ስታበቁ መኪና ጠብቆ ይመልሳችኋል። ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ ቡናው ከጥንት ጀምሮ ከጫካው ዛፎች ሥር የሚበቅልባት አገር ናት። እዚያ በበቀለ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ተቀምጦ መመረቅ ራሱን የቻለ በዓል ነው። ሲመሽ ግን ትንኝ ስላለ ረጅም እጅጌ ልብስና ጋቢ አይርሱ፤ የጥር ምሽት ሐይቅ ዳር ይቀዘቅዛል።

በዚያው ቀን ገዳም ለመሳለም ካሰባችሁ ደግሞ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። እናትዎን ጀልባ ላይ አስቀርቶ አባትን ብቻ ማሳለም ለዚህ ቀን አይሆንም። ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሁለቱንም አብራ ትቀበላለች፤ ከጀልባው መውረጃ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ግን የእግር መንገድ ስላለ፣ የእናትዎን አቅም አስቀድመው ይጠይቁ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ሁለቱንም አሳብ ነገርኋቸው፤ «የተሻገርሁበትን ውኃ እያየሁት ብመለስ ይሻለኛል» ስላሉ፣ ደሴቱ ላይ ምሳ እንዲሆን ወስነናል። ፀሐይዋን ከባሕር ዳር ዳርቻ እናያለን፤ ዶሮ ወጡም ከእኛ ጋር ይሻገራል። የዘጌውን አሳብ ለእሑድ ጠዋት በመኪና ይዘነዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ የነፍስ አባታቸው ከደብረ ማርቆስ አብረውን መጥተው ማዕዱን እንዲባርኩ እንፈልጋለን፤ በዚህ ሰዓት ሰው ቢጨመር ለጀልባው ያስቸግራል?

መልስ (በጀልባ ሥራ ላይ ካለሁ)

ምንም አያስቸግርም። የተሳፋሪውን ቁጥር ከነእሳቸው ዋዜማውን ለነጂዎቹ ንገሩ፤ ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ክብደት እንዲይዙ እነሱ ያከፋፍሏችኋል። ወላጆችዎንና የነፍስ አባታቸውን ከኋላ፣ ለሞተሩ ቀረብ ባለው ወንበር አስቀምጧቸው፤ ማዕበል ቢመጣ የሚነሣውና የሚረጨው የጀልባው አፍንጫ ነው፣ ከኋላ ግን እምብዛም አይንገላቱም።