«እጩ» ባክቴሪያ ምን ማለት ነው? ተውሳክ፣ ጥገኛ፣ ደባልስ?

ጥያቄ፦

ሰላም ወገኖች። ስለ ዕፅዋት በሽታ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሁለት ቦታ ላይ ተያዝኩ። በነፍሳትና በዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስም ፊት «ካንዲዳተስ» የሚል ቃል እየመጣ አስቸገረኝ። የስሙ አካል ነው ወይስ ማዕረግ? ልተወው? ደግሞም ሁሉንም በጅምላ «ጥገኛ ተውሳክ» ብያቸዋለሁ። የምታውቁ እስኪ አርሙኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ «ካንዲዳተስ»ን እንዳትተወው። ብዙ ነገር የያዘ ቃል ነው።

ቃሉ ላቲን ነው፤ ሥሩ «ነጭ» ማለት ነው። በጥንት ሮም ለሹመት የሚወዳደር ሰው ልብሱን አንጥቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። «ነጭ የለበሰ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ለሹመት የቀረበ» ማለት ሆነ። እኛ ለዚህ «እጩ» አለን፤ እንደ እኔ ከላቲኑም ይሻላል። እጩ፣ እጮኛ፣ ማጨት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ግዕዙ «ሐፀየ» ይላል። የታጨች ልጅ ስሟ ተነስቷል፣ ቤተሰብ አውቋታል፣ ጋብቻው ግን ገና ነው። እጩ ባክቴሪያም እዚያው ደረጃ ላይ ነው ያለው።

ለምን ብትል፣ አንድ ባክቴሪያ የዝርያ ስሙ እንዲጸናለት ለብቻው በቤተ ሙከራ መራባት አለበት። ከዚያም ሕያው ናሙናው በሁለት አገሮች፣ በሁለት ማከማቻዎች ይቀመጣል። ነገ ሌላ ተመራማሪ ተነስቶ «እስቲ ልየው» ቢል የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት። በነፍሳት ሴል ውስጥ ወይም በተክል ቱቦ ውስጥ ብቻ መኖር የለመደ ባክቴሪያ ግን ከቤቱ ከወጣ አይሆንለትም። በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ዘረመሉ ይነበባል፣ የሚያደርሰው ጉዳት ይታወቃል፤ ናሙናውን ማስቀመጥ ብቻ እምቢ ይላል። ሙሬይ እና ሽላይፈር የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1994 «ካንዲዳተስ» የሚለውን ደረጃ ያቀረቡት ለእነዚህ ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

አጻጻፉም ይለያል። የጸና የባክቴሪያ ስም በተጋደለ ፊደል ይጻፋል። በእጩ ላይ ግን «ካንዲዳተስ» የሚለው ብቻ ይጋደላል፤ ተከትሎት የሚመጣው ስም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ልዩነት በአማርኛ ጽሑፍህም ብታሳይ ደስ ይለኛል።

ጥሩ ምሳሌ ፋይቶፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ዕፅዋትን የሚያቀጭጭ፣ ቅጠል የሚያደበዝዝ፣ አበባን ወደ ቅጠልነት የሚለውጥ በሽታ አለ። ለረጅም ዘመን «ቫይረስ ነው» ሲባል ኖረ። በ1967 የጃፓን ተመራማሪዎች የታመመ የእንጆሪ ዛፍ፣ ያ የሐር ትል የሚቀለብበትን ማለቴ ነው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ የሴል ግድግዳ የሌላቸው ጥቃቅን ነገሮች አገኙ። ቴትራሳይክሊን ሲሰጡት የበሽታው ምልክት ጋብ አለ። ይህ መድኃኒት ቫይረስን አይነካም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ሌላ ነው ማለት ነው። ማይኮፕላዝማ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ስለሚመስሉ «ማይኮፕላዝማ መሰል ነገሮች» ተባሉ። «መሰል» በሚል ቃል ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት መኖር ስም አይባልም! «ፋይቶፕላዝማ» የሚለው የመጣው በ1994 ነው። ፋይቶን በግሪክ ተክል ነው፤ ፕላዝማ ደግሞ የተቀረጸ፣ ቅርጽ የወጣለት ነገር።

በቤተ ሙከራ ካልተራቡ ታዲያ በምን ይለያሉ? በዘረመል። ራይቦሶም ፕሮቲን የሚሠራበት የሴል ክፍል ነው። የራይቦሶም አካል የሆነውን 16ኤስ የሚባለውን አርኤንኤ የሚያዝ ዘረመል በሁሉም ባክቴሪያ ውስጥ አለ። ርዝመቱ 1,500 ፊደል ገደማ ነው፤ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ የዘር ሐረግ መቁጠሪያ ሆነ። በፋይቶፕላዝማ በ2004 የወጣው ደንብ፣ ከታወቁት ጋር ያለው ተመሳሳይነት ከ97.5 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ እጩ ዝርያ ሊባል ይችላል አለ። በ2022 መስፈርቱ ወደ 98.65 ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ ባክቴሪያዎቹ ምንም አልሆኑም፤ የተቀየረው ድንበሩን የምናሰምርበት ቦታ ነው። «ዝርያ» ስንል የተፈጥሮን ወሰን ብቻ ሳይሆን የሰውን ስምምነትም እየተናገርን ነው።

አሁን ወደ «ጥገኛ ተውሳክ» ልምጣ። እዚህ ላይ አልስማማም። ተውሳክ የመጣው ወሰከ፣ ጨመረ ከሚለው ግዕዝ ነው፤ ጭማሪ፣ ተቀጥላ ማለት ነው። ሰዋስው ላይ «ተውሳከ ግስ» የምንለው ግሱ ላይ የሚጨመረውን ነው። በሕክምና አማርኛ ግን ቃሉ ክፉውን ብቻ ይዞ ቀረ። «ጥገኛ»ም ከተጠጋ ነው፤ ሌላው ላይ ተደግፎ የሚኖር። ሁለቱ ሲደረቡ ለአንባቢ የሚነግሩት ጉዳትን ብቻ ነው።

የተክል ተባይ የሆነውን ክሽክሽን እንይ። ክሽክሽ የሚመጠው የተክል ፈሳሽ ስኳሩ የተትረፈረፈ፣ አሚኖ አሲዱ ግን የጎደለ ነው። የጎደለውን የሚሠራለት ቡክኔራ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ክሽክሹ ለእሱ ብቻ የተለዩ ሴሎች አሉት። ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል። የቡክኔራ ዘረመል ከመመናመኑ የተነሳ ወደ 640 ሺህ ፊደል ወርዷል፤ ለብቻው መኖር አይችልም። ክሽክሹም ያለ እሱ በደንብ አያድግም፣ አይራባም። ታዲያ ጥገኛው ማነው?

ለዚህ «አብሮ አደግ» የሚለውን አማርኛ እወደዋለሁ። የቡክኔራ ሙሉ ስም ሁለተኛ ቃል «አፊዲኮላ» ነው፤ በክሽክሽ ውስጥ ነዋሪ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል ፓውል ቡክነር ለተባለው የዚህ ጥናት ፋና ወጊ መታሰቢያ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እንዲህ ነው።

ሌላ አባል፦

መልሱን ወድጄዋለሁ፤ «አብሮ አደግ» ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ቃሉ ፍቅር አለበት። ወልባኪያን ምን ልትለው ነው? በ1924 ትንኝ ውስጥ የተገኘውን ባክቴሪያ ማለቴ ነው። በትንኝ ላይ፣ ባክቴሪያው ያለበት ወንድ ከሌለባት ሴት ጋር ሲገናኝ እንቁላሉ አይፈለፈልም። እንዲህ እያደረገ ራሱን ያስፋፋል። ይህ አብሮ አደግ አይባልም። በሌላ በኩል የዓይን ማጣት የሚያመጣው የኦንኮሰርካ ትል ያለ ወልባኪያ ሊራባ አይችልም። አንድ ወገን፣ ሁለት ጠባይ። እኔ «ደባል» እላለሁ። ደባል በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ቃሉ አይፈርድም።

መልስ፦

ልክ ነህ፣ ተሸነፍኩ። ደግሞ ከታሪኩም ጋር ይሄዳል። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1879 «ሲምባዮሲስ»ን ሲተረጉመው «የማይመሳሰሉ ፍጥረቶች አብሮ መኖር» ብሎ ነው፤ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ያጠቃለለ ነበር። መጠቃቀም ብቻ ማለት የሆነው በኋላ በብዙዎች አፍ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው «ደባል ባክቴሪያ»፣ እንደ ቡክኔራ ላለው «አብሮ አደግ»፣ እንደ ፋይቶፕላዝማ ተክሉን ለሚያሳምመው «ጥገኛ» ብንል ሦስቱም ቦታ ያገኛሉ።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ነገር ብቻ። ጽሑፉ ላይ «ሊቤሪባክተር» የሚል ስም አንዳንዴ ከካንዲዳተስ ጋር፣ አንዳንዴ ያለ እሱ ይመጣል። የጸሐፊው ስህተት ነው?

መልስ፦

ስህተት አይደለም። በላቲን «ሊበር» የዛፍ ልጥ ነው፤ ጥንት ልጥ ላይ ይጻፍ ስለነበር መጽሐፍም ማለት ሆነ። ባክቴሪያው የሚኖረው በልጡ በኩል ምግብ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። ብርቱካንንና ሎሚን የሚያደርቁት ዘመዶቹ፣ ለምሳሌ ሊቤሪባክተር ኤዥያቲከስ፣ እስከ ዛሬ እጩ ናቸው። አንዱ ግን በቤተ ሙከራ ለብቻው መራባት ቻለና በ2014 ሙሉ ስም ተሰጠው። ስሙ ሊቤሪባክተር ክሬሴንስ ነው፤ ክሬሴንስ በላቲን «የሚያድግ» ማለት ነው። ስለዚህ ኤዥያቲከስ ፊት «እጩ» ጻፍ፤ ክሬሴንስ ፊት አትጻፍ።