በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ዘይቤ ይበቃል?

ጀማሪ ብዕር፦
ጤና ይስጥልኝ። የአጭር ልቦለዴን ረቂቅ ያነበቡልኝ ሰዎች ታሪኩን ቢወዱትም «ዘይቤ በዝቶበታል» የሚል አስተያየት ሰጥተውኛል፤ የትኛው መውጣት እንዳለበት ግን አልነገሩኝም። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸትና አያዎ በትምህርት ቤት የቀረቡልን እንደ ጽሑፍ ጌጥ ስለነበር፣ ሲበዙ ይጎዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለምሳሌ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የወንድሟን ሞት የሰማችበትን ምሽት እንዲህ ገልጬዋለሁ፦ «ሌሊቱ እንደ ጥቁር ካባ ምድርን ሲሸፍን የሐዘን ማዕበል ልቧን አነደደው፤ ዝምታውም ጮኸባት።» ከዚህ ውስጥ ምኑን ላውጣ? ተነጻጻሪውን ወደ ተለዋጭ ብቀይረውስ «እንደ» የምትለዋን ከመጣል ያለፈ ለውጥ ያመጣል?

የኅዳግ ማስታወሻ፦
ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር። አሪስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ ሲያስተምር የሁለቱን ልዩነት ያሳየው በጥንታዊው የግሪክ ተረት ጀግና በአኪሌስ ነበር፤ አኪሌስ እንደ አንበሳ ተወረወረ ከተባለ ተነጻጻሪ፣ አኪሌስን ለማለት አንበሳው ተወረወረ ከተባለ ደግሞ ተለዋጭ ነው። ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን ቢናገርም፣ ተነጻጻሪው ስለሚረዝምና «ይህ ያ ነው» ብሎ ስለማይደፍር ለሰሚው የሚሰጠው ደስታ እንደሚያንስ አክሏል። ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። «እንደ» ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አቁማ ስለምታስተያያቸው አንባቢው ከዳር ሆኖ ይመለከታል፤ ተለዋጭ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ስለሚተካ ምን እንደሚያመሳስላቸው አንባቢው ራሱ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። ስለዚህ ንጽጽሩ እንግዳ ከሆነና አንባቢው ረጋ ብሎ እንዲያየው ከፈለጉ «እንደ»ን ይተዉለት፤ ስሜቱ የሚጣደፍ ከሆነ ተለዋጩ ይሻላል።

በዐረፍተ ነገርዎ ላይ ያየሁት ችግር ከብዛት ይልቅ አለመስማማት ነው። ማዕበል ውኃ ነው፤ ውኃ አያነድድም። አንባቢው ማዕበሉን በዓይነ ኅሊናው ስሎ ሳይጨርስ እሳት ይመጣበታል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሌሊትን በካባ መመሰል ደግሞ ከመለመዱ የተነሣ ምስል መፍጠሩን ትቷል፤ የጠረጴዛ እግር ስንል እግር ወደ አእምሯችን እንደማይመጣ ሁሉ። እኔ ብሆን የማቆየው «ሌሊቱን ሙሉ ዝምታው ጮኸባት» የሚለውን ብቻ ነው።

አርታኢው፦
ስለ ማዕበሉ የተባለው ትክክል ነው፤ በመጨረሻው ምክር ግን አልስማማም። የሚጮኽ ዝምታም ከካባው ባላነሰ ሁኔታ ያረጀ ነው። አያዎ፣ ማለትም እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የሚቃረን አነጋገር፣ ኃይል የሚያገኘው ተቃርኖው አንባቢውን ለቅጽበት አደናግሮት፣ ወዲያው ደግሞ እውነትነቱ ሲገለጥለት ነው፤ አስቀድሞ በተለመደ ተቃርኖ የሚደናገር ሰው የለም።

ከዚህ ይልቅ ዘይቤው የማን እንደሆነ ቢጠይቁ ይጠቅምዎታል። ወንድሟ መሞቱን በዚያች ቅጽበት የሰማች ሴት ሌሊቱን ከካባ ጋር አታስተያይም፤ ካባውን ያየው ጸሐፊው ነው፣ አንባቢውም በሐዘኗ መካከል የጸሐፊውን ድምፅ ይሰማል። ልብስ ሰፊ ብትሆን ኖሮ ካባው የራሷ በሆነ ነበር። «መሸ። መብራቱን ለማብራት አልተነሣችም።» የሚለውን ይሞክሩት። እዚህ ውስጥ ስሙ የሚጠራ ዘይቤ የለም፤ ሐዘን የሚል ቃልም የለም፤ ጨለማው ግን ምድርን ሳይሆን እሷን ይሸፍናል።

ቅኔ ወዳድ፦
የሁለቱንም አስተያየት በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ይሁንና ቁጠባ የጽሑፍ ሁሉ መመዘኛ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። በሰምና ወርቅ የተሠራ ቅኔ ከሰሙ በታች ወርቁን እንድንፈልግ የሚጋብዘን ጥቂት ቃላት ብዙ ትርጉም ስለሚሸከሙ ነው፤ ያንን እፍጋት ብንቀንሰው የሚቀር ነገር አይኖርም። ለጆሮ የሚዘጋጅ ንግግርም ድግግሞሽ ይፈልጋል፤ አድማጭ እንደ አንባቢ ገጽ መልሶ መግለጥ አይችልምና። ዘይቤ ጌጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ተፈትኗል፤ የቋንቋ ምሁሩ ሌኮፍና ፈላስፋው ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት የዕለት ተዕለት አነጋገራችንም በተለዋጭ ላይ የቆመ ነው። ጊዜ አባከንን፣ ጊዜ ቆጠብን ስንል ጊዜን ገንዘብ አድርገነዋል፤ ማናችንም ግን የተራቀቅን አይመስለንም። ለጠያቂያችን ታሪክ ግን የአርታኢውን ምክር እመርጣለሁ።

ጀማሪ ብዕር፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካባውንም ማዕበሉንም አውጥቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በቀብሩ ዕለት ሟቹን ትጠላው የነበረች አክስት «ደግ ሰው ነበር» ትላለች። ምጸት መሆኑ እንዳይሰወር «በምጸት አለች» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ያስፈልጋል?

አርታኢው፦
አያስፈልግም፤ እንዲያውም ምጸቱን ይገድለዋል። ምጸት የሚኖረው በተነገረውና አንባቢው በሚያውቀው መካከል ባለው ክፍተት ነው። በንግግር ጊዜ ድምፅና ፊት ያግዙናል፤ በጽሑፍ ሁለቱም የሉም (በእንዲህ ያሉ መድረኮች ላይ ቀልድ ጠብ የሚያስነሣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል)። አንባቢው ጥላቻዋን ካላወቀ ቃሏን እንደ እውነተኛ ምስጋና ይወስደዋል፤ ካወቀ ደግሞ ማብራሪያው ይሰለቸዋል። ስለዚህ ጥላቻዋን ከቀብሩ ጥቂት ገጾች ቀደም ብለው፣ ለምሳሌ ስለ ውርስ በሚነሣ አጭር ንግግር፣ ያሳዩት። በቀብሩ ላይ «ደግ ሰው ነበር» አለች ብለው ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይለፉ።