እናታችን የምትልከውን በሶና በርበሬ እህቴ አሜሪካ ውስጥ ብትሸጥ ሕጉ ይፈቅድላታል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ታናሽ እህቴ በዲቪ ወደ አሜሪካ ሄዳ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ትኖራለች። እናታችን በሰው እጅ የምትልክላትን የገብስ በሶ፣ የምንጃር ሽሮና በርበሬ የቀመሱ ጎረቤቶቿ «ለእኛም ሽጪልን» ስላሏት፣ በቤቷ እያሸገች ልትሸጥ አስባለች። እናቴም 50 ኪሎ ገብስ አስመጥታ ማመስ ጀምራለች። እህቴ በሰው አገር ሕግ ተላልፋ እንዳትገኝ ሰግቻለሁና የምታውቁ ብትመክሩን።

መልስ (የመሐል ሜዳ ልጅ፣ ነዋሪነቷ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እናታችን ማመሱን እንዲያቆዩት ንገርልኝ። ሰው በቤቱ ያዘጋጀውን ምግብ ለዘመዱ በስጦታ መላኩ አንድ ነገር ነው፤ ለሽያጭ ሲሆን ግን ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማሳወቅ፣ አስመጪውም የላኪውን የአዘገጃጀት ደኅንነት ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከቤት የመጣው ለእህትህ ማዕድ ይሁን፤ የምትሸጠውን እዚያው ከሕጋዊ ሱቅ በገዛችው እህልና ቅመም ታዘጋጅ።

በካሊፎርኒያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት ኩሽና የተዘጋጀ፣ ያለ ማቀዝቀዣ የማይበላሽ ምግብ መሸጥ ተፈቅዷል። ደረጃው ሁለት ነው፤ «ክላስ ኤ» በቀጥታ ለበላተኛው ብቻ የሚሸጥበትና በምዝገባ የሚጀመር ሲሆን፣ «ክላስ ቢ» ለሱቅና ለምግብ ቤት ጭምር ማስረከብ የሚያስችል፣ ነገር ግን ኩሽናው አስቀድሞ የሚፈተሽበት ነው። እህትህ በክላስ ኤ ብትጀምር ይበጃታል፤ ኦክላንድ በአላሜዳ ካውንቲ (እንደ እኛ አገር ዞን ያለ አስተዳደር) ሥር ስለሆነች የምትመዘገበው በካውንቲው የአካባቢ ጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ በተመዘገበች በሦስት ወር ውስጥም የምግብ አያያዝ ሥልጠና መውሰድ አለባት። የተፈቀዱት ምግቦች ዝርዝር ውስጥ የደረቀ የቅመም ድብልቅ፣ የደረቀ እህል ድብልቅ፣ የተቆላ ቡናና ክሬም ወይም ሥጋ የሌለበት ዳቦ አሉ። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን አይገቡም፤ ሳትሳሳ ትተዋቸው።

እኔ ዳቦ ቆሎ በኦቭን ጋግሬ እሸጣለሁ። ሥራው ላይ ሳለሁ ትንንሽ ልጆች ኩሽና መግባት ስለማይፈቀድላቸው የምጋግረው እነሱን ካስተኛሁ በኋላ ነው፤ በዚያው ሰዓት የቤት ወጥ መጣድም አይቻልም። የመጀመሪያው መለያ ወረቀቴ ላይ «ዱቄት» ብዬ ብቻ ጽፌ ስንዴ መሆኑን ሳልገልጽ ቀርቼ፣ 60 ከረጢት ተቀምጬ አንድ በአንድ ልጬ እንደገና ለጥፌአለሁ። ስንዴ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊገድሉ ስለሚችሉ በስማቸው መጠቀስ አለባቸው፤ ሰሊጥ በሕጉ የተጨመረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በቤት ኩሽና የተዘጋጀ መሆኑም በግልጽ ይጻፋል።

መልስ (የደብረ ሲና ልጅ፣ የሒሳብ ሠራተኛ)

በዲቪ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ በመሆኑ የራሱን ሥራ መክፈት ይችላል፤ በጉብኝት ቪዛ የገባ ግን በቤቱም ቢሆን መነገድ አይፈቀድለትም። ከግል ሥራው በዓመት 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የተጣራ ገቢ ያገኘ የግብር ማስታወቂያ ማቅረብ አለበትና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ደረሰኞቿን ታስቀምጥ። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ውሉን ታንብበው።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት፣ ቅመም ነጋዴ)

መለያው ላይ ቅመሞቹ በክብደታቸው ቅደም ተከተል፣ ብዙው መጀመሪያ እየሆነ፣ መጻፍ ስላለባቸው፣ እናትህ በእፍኝ የሚለኩትን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና በሶብላ አንተ በግራም እየመዘንክ ልኩን ጽፈህ ላክላት። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም እርጥብ ሳይሆን ደርቆ የተፈጨ ይሁን፤ እርጥቡ ከገባ የደረቀ ድብልቅ መባሉ ይቀራል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። የወርቅ ቤት ጎረቤታችን ትንሿን ሚዛን አውሶኛል፤ የእናቴ አንድ እፍኝ ጥቁር አዝሙድ 31 ግራም ሆኗል። በሁለተኛው እፍኝ 34 ስለመጣ አሥር ጊዜ መዝኜ አማካዩን እልክላታለሁ። ገብሱን እናቴ እዚሁ ለጾም እንበላዋለን ብላለች።